በወስፌ የወጋሁት ጎማ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጎረቤት ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ። ይህቺን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ አምስት ዓመት ሞላኝ። እሳቸው «ሌላስ?» ሲሉኝ፣ «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። እናንተ ስሙኝ።

ጉዱ የገባኝ ሳንቃው ሲነሣ ነው። እንጅባራ፣ ልጄ ደሳለኝ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ እኔ በሩ ጥግ ተቀምጬ ሰፌድ እየሰፋሁ ነበር። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ማሽን፣ ሲኤንሲ ይሉታል፣ ስለቱን እያሽከረከረ የቁም ሳጥን በር ላይ አበባ ይቀርጻል። ጠረጴዛው ላይ እንደ ተለጠፈ መዋል የነበረበት ሳንቃ መጀመሪያ አንድ ጥጉን ቀና አደረገ። ቀጥሎ ሸርተት አለ። ከዚያ በረረ! በልጄ ጆሮ ሥር ሽው ብሎ አለፈና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ሰነጠቀው።

ደሳለኝ ቀዩን ቁልፍ መትቶ ማሽኑን አጠፋና ጆሮውን ዳበሰ። ጆሮው አለ። እኔ ሰፌዴን ወርውሬ እስከ ባጃጅ ተራው ሮጥኩ። ያየኝ ሁሉ «እናት አንጀቷ አልችል ብሎ ነው» አለ። እውነት ነው፣ አንጀቴ አልቻለም። ግን አሯሯጤ የእናት አልነበረም፤ የሌባ ነበር። ያን ሳንቃ ያስነሣሁት እኔ ነኛ!

ከሥሩ ልንገራችሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ስለ ማሽኑ የማውቀው ከበሩ ጥግ ሆኜ ያየሁትን ነው። ድሮ ደሳለኝ ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ የሚያስረው በብረት ማሰሪያ ነበር። ስለቱ ሲዞር ማሰሪያውን እየመታ ይሰበርበታል። ስለዚህ ሳንቃውን አየር ይያዘው ተባለ። ለዚህ የመጣው ቢያድግልኝ ነው፤ የአዘና አገር ልጅ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ገና ሥራ መጀመሩ። ለጠረጴዛው ፊት ቦይ አወጡለት፣ በየቦዩ ቀዳዳ በሱለት። ከሥር ቧንቧዎቹ እንደ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ወደ አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ይገባሉ፤ ጎማው ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ፓምፑ አየሩን ከሥር ሲስበው ሳንቃው እንደ መዥገር ይጣበቃል።

የቢያድግልኝ ጥንቃቄ! አንዱን መጋጠሚያ ገጥሞ ሲጨርስ ከእኔ ቅርጫት ጥጥ ቁንጥር ያደርግና «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ» ይላል። ፓምፑን አስነሥቶ ጥጧን መጋጠሚያው ዳር ያስጠጋታል። ጥጧ ወደ ውስጥ ሳብ ካለች አየር ያስገባል ማለት ነው፤ ይፈታውና እንደ አዲስ ይጠቀልለዋል። ጥጧ ዝም እስክትል ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ሥር ተኛ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁ ብሆን ኃጢአቴ በቀለለ።

እንግዲህ ፍርሃቴ የጀመረው ፓምፑ የተነሣ ቀን ነው። የነጠላዬ ጥለት ቀዳዳው ላይ አረፈና ጠረጴዛው ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ብጎትት አይለቅም።

«ደሳለኝ፣ ነጠላ እንዲህ የያዘ ጣት ቢያገኝስ?» አልኩት።

«እማዬ፣ አየር ነው የሚስበው።»

«አየር የሳበ ጣት አይስብም?»

«አይስብም።»

«በምን አወቅህ?»

«እማዬ፣ ሰፌድሽን ስፊ።»

ሰፋሁ። ግን በየስፌቱ የሚታየኝ የልጄ ጣት ነው። ደግሞስ እኔን ማን ነው ስለ ቧንቧ አታውቂም የሚለኝ? ደሳለኝን ያሳደግሁት አረቄ አውጥቼ ነው። ድፍድፉ እሳት ላይ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ወደ ቀዝቃዛው እንስራ ይወርዳል፤ መጋጠሚያው ሁሉ በሊጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ ሲበረታና ማሰሮው ሲያጉረመርም እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነው፦ የታፈነ ነገር ይፈነዳል፣ ትንፋሽ ስጪው። ምርጊቱን በወስፌ ነካ! ፉሽ ይላል፤ ማሰሮሽ ይተርፋል። በዕድሜዬ አንድ ማሰሮ ፈንድቶብኝ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ደሳለኝና ቢያድግልኝ ሻይ ሊጠጡ ወጡ። እኔ ወስፌዬን ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ማን ላከኝ? ማንም። ጎማውን ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው፣ ሰባት ቦታ ወጋሁት። እጄ ስፌት የለመደ ነውና ቀዳዳዎቹ አልተዛነፉም፤ እኩል እኩል፣ በአንድ መስመር። ጨርሼ ስወጣ ጉልበቴን አራግፌ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ተመስገን፣ የልጄን ጣት አዳንኩ» አልኩ።

ለካ የአረቄው ማሰሮ ይገፋል እንጂ አይስብም። ይሄኛው ደግሞ ይስባል እንጂ አይገፋም። ለካ እኔ የፈራሁት ያ ስበት ነበር ሳንቃውን ጨምድዶ ልጄን የሚጠብቀው። እኔ እናቱ የጠባቂውን ክንድ በወስፌ ወጋሁት። መብራት መጣ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ የቀረውን ቀን መቁጠሪያው ይናገር።

እስከዚህ ድረስ አላዋቂነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ኃጢአቱ ከዚህ ወዲያ ነው።

ደሳለኝ ቢያድግልኝን አስጠራው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ደጅ ላይ፣ «አንተ ቧንቧ አይደለም የገጠምክልኝ፣ ወንፊት ነው!» አለው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሰምተዋል። የባጃጅ ነጂ አፍ ደግሞ ከባጃጁ ይፈጥናል። ለምሳ ሰዓት ስሙ ወንፊቱ ሆኖ አረፈው። «ወንፊቱ፣ ዱቄት አለን፣ ትነፋልናለህ?» «ኧረ ተዉት፣ ጎማችንን ያየውና ይተነፍሳል!» ዳንግላ ላይ ሆቴል የሚያሠራ ሰው ቧንቧውን ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር፤ ስሙን ሲሰማ ለሌላ ሰጠ። እኔ ይህን ሁሉ በሩ ጥግ ሆኜ ሰማሁ። ወስፌው እጄ ላይ ነበር። አልተነፈስኩም።

ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ ቢያድግልኝ እኔ ዘንድ መጣ። ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ልጅዎን ልገድልብዎ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? እኔ ምን አደረግሁ? ትከሻውን ይዤ አነሣሁትና «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ልጄ» አልኩት። በዚህ እንኳ አላበቃሁም። «ለሌላ ጊዜ ጠንቀቅ በል» ብዬ መከርኩት። እኔ! ጎማውን የወጋሁት እኔ፣ ያልወጋውን ይቅር አልኩት፤ መከርኩትም። ከዚህ የከፋ አፍ ታውቃላችሁ?

በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጥጥም ከእኔው ቅርጫት ወሰደ፤ እኔው አቀበልኩት። መጋጠሚያውን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ጥጧ ዝም። ግራ ገባው። ቀጥሎ ጥጧን በጎማው ሆድ ሥር ይዟት ሄደ። ሳብ! አንድ። ሳብ! ሁለት። እኔ ጣራውን አያለሁ፤ ጣራው ላይ ስንት ምስማር እንዳለ ዛሬም ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ሰባቱን ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር በጣቱ ዳበሰ። ሲወጣ መጀመሪያ ጎማውን አየ። ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ሰፌድ አየ። ከዚያ ወስፌውን።

«ደሳለኝ» አለ።

«አቤት።»

«አይጥ ነው።»

ልጄ ጎንበስ ብሎ አየ። «አይጥ በመስመር ይነክሳል እንዴ?»

«የእንጅባራ አይጥ ሥርዓት አላት» አለ ቢያድግልኝ፣ ፊቱ ቅንጣት ሳይፈታ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአገራችን ቋንቋ፣ በአዊኛ ተናገረኝ። ደሳለኝ ከተማ ነው ያደገው፤ ከሰላምታ በቀር አዊኛ አይገባውም። ያለኝ እንዲህ ነው፦ «አይጧ ከእንግዲህ ጥርሷን እቤቷ ትታ ትምጣ።» እኔም በአዊኛ «እሺ» አልኩ። እሺ ብቻ። አላደረግሁም አላልኩም፤ አድርጌያለሁም አላልኩም።

«ምን አለሽ?» አለ ደሳለኝ።

«ድመት ያስፈልጋችኋል አለኝ።»

አያችሁ፣ ውሸት ውሸትን ሲወልድ? ድመት ገባች። አምስት ዓመት ሙሉ የፓምፑ ሙቀት ላይ ተኝታ ትወፍራለች። አንድ አይጥ ይዛ አታውቅም፤ ከየት ታመጣለች? ወተቷን የምሰጣት እኔ ነኝ። በሰጠኋት ቁጥር ታየኛለች፤ ድመት ምን ታውቃለች እንዳትሉኝ።

የዚያን ዕለት ቢያድግልኝ ጎማውን በአዲስ ቀየረ፣ ፓምፑን አስነሣና እጄን ያዘኝ። «እትዬ፣ ይምጡ፣ ይንኩት» አለኝ። መዳፌን ቀዳዳው ላይ አሳረፈው። ሳብ አደረገኝ፤ ጥጃ ጣት እንደምትጠባው ያህል። ሳነሣው ተነሣ። ጣቶቼን ቆጠርኩ፤ አምስት። ሳንቃውን አስቀመጠና «በሙሉ ጉልበትዎ ይግፉት» አለኝ። በሁለት እጄ፣ ኋላም በትከሻዬ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ልጄም ዳነ፣ እኔም ዳንኩ።

ያልዳነው የቢያድግልኝ ስም ነው። አይጥ ነው ማለቱን ባጃጅ ተራው አላመነም። «ወንፊቱ በአይጥ አሳበበ» ብለው ጭራሽ ሳቁበት። እኔን ሊሸፍን ብሎ ራሱን አጋለጠ። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ዘንግ ላይ ወንፊት አንጠልጥለው እየጨፈሩ ገቡ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ሳቀ፤ በሰው መሀል ዓይኑን ወደ እኔ ጣል አደረገ። እኔ ምን ላድርግ? እልል አልኩ። ከሁሉ አስበልጬ እልል አልኩ።

ለልጄ ብዬ ነው ልበላችሁ? ጎማውን ስወጋ ለልጄ ብዬ ነበር። ዝም ያልኩት ግን ለልጄ አይደለም። ሰው ፊት ላለማፈር፣ ልጄ «እማዬ፣ ሰፌድሽን ስፊ» ብሎ እንዳይስቅብኝ ነው። ይህችን ለምታህል ነገር የሰው ልጅ ስም ሸጥኩ። አላዋቂ ነበርኩ አልልም፤ አፍ ነበረኝ፣ አማርኛም አዊኛም አውቅ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ሲወጣ የነፍስ አባቴም ያነቡታል፤ ንስሐዬን እቀበላለሁ። ደሳለኝም ያነበዋል፤ ይሳቅ። እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄ ዐሥር ጣትና ሁለት ጆሮ አለው። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። እንጅባራ ያላችሁ፣ ዳንግላ ያላችሁ፣ ያ ልጅ ሲያልፍ በስሙ ጥሩት። ስሙ ቢያድግልኝ ነው። የገጠመው ቧንቧ አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። ወንፊት ብላችሁ መጥራት ያማራችሁ እንደሆነ ደግሞ፣ ከእንጨት ቤቱ በር ጥግ ሰፌድ የምትሰፋ ሴት አለች። እሷን ጥሯት። አቤት ትላለች።