ሚዜዬ የሸጠልኝ ሮተሪ

ዛሬ ቀትር ላይ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሱቆቹ ጋ፣ መኪና ፓርክ አድርጌ እንጀራ ገዝቼ ስመለስ፣ ስፖርት መኪናዬ አልነሳም አለችኝ።

የገዛኋት ትናንት ነው፤ ያውም ከሰርጌ ሚዜ!

ኢንግልዉድ ላሉት መካኒክ፣ ለጋሼ ታደሰ ደወልኩላቸው።

"ሮተሪ ናት አይደል፣ ያ ፒስተን የሌለው ሞተር? የሞተሩ ማሸጊያዎች ሲበሉ እንደዚህ ነው። ቀዝቅዛ ትነሳለች፣ ሞቃ ካጠፋሃት ግን እስክትቀዘቅዝ ንቅንቅ የለም። ሻጩ ሲያሳይህ ሞተሩን አጥፍቶ አስነስቶልሃል?"

ያኔ ገባኝ። ትናንት ቴስት ድራይቭ አድርገን ምግብ ቤት በር ላይ ምሳ ልጋብዘው ስል፣ "አንተ ግባ፣ እኔ ኤሲ ለቅቄ እዚሁ እጠብቅሃለሁ" ብሎኝ ነበር። ሞተሩን አላጠፋም።

እኔ ደግሞ አሳዝኖኝ ክትፎ አስጠቅልዬ ወጣሁለት። ከነአይቡ!

"ሳትገዛ በፊት ለምን አላመጣህልኝም?" አሉኝ ጋሼ ታደሰ።

"ሚዜዬን 'መካኒክ ይያት' እንዴት ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ።"

"እሱንስ አልያዘውም?"

 ለሚዜዬም ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። መኪናዋም እሱም አንድ ናቸው።

እናንተስ? ይሉኝታ ምን አስገዝቷችሁ ያውቃል? ኦኬ፣ ጻፉልኝ። እስክትቀዘቅዝ ድረስ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

እኔ ግን የምቀዘቅዝ አይመስለኝም።