ከጠበሉ ሥር መነሣት ያቃተኝ ቀን

በንጉሡ ዘመን ከሐራ ወልድያ እህል የምጭን ሹፌር ነበርኩ። ቆላ ወርጄ ወባ ክፉኛ ስለጣለኝ፣ ዳግም እንዳይዘኝ ፈርቼ ማንም ሳያዝልኝ የወባ ኪኒን ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዋጥኩ።

ከዚያ ጭኔ ከዳኝ። መኪናዬ ላይ የምወጣው ሰው እየደገፈኝ ሆነ። ባለቤቴ "መንፈስ ነው" ብላ መርሳ አጠገብ ወዳለ ጠበል ወሰደችኝ።

ቁጢጥ ብዬ ተጠመቅኩ። ሌላው ሁሉ ሲነሣ እኔ እዚያው ቀረሁ። አጥማቂው ቄስ መስቀላቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው፣ "ማነህ? ስምህን ተናገር!" አሉ።

"ሹፌር ነኝ አባ፤ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው።"

ሰዉ ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለቤቴ ልታነሣኝ ስትጎትተኝ ከሱሪዬ ኪስ የኪኒኑ ብልቃጥ ወደቀ። ቄሱ ከፍተው አንዷን ፍሬ በምላሳቸው ነኩና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ይሄን ስንት ቀን ዋጥከው?"

"ዓመት ሆነኝ፣ አባ።"

"እንግዲያ የያዘህ እሱ ነው፣ ልጄ። ጠበሉን አትተው፤ ኪኒኑን ግን ተው። ነገ ወልድያ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።"

እንዳሉትም ይዘውኝ ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ፣ ጡንቻዬን የጎዳው መድኃኒቱ መሆኑን ነገረኝ። ኪኒኑን አቁሜ፣ ቀስ በቀስ እየተራመድኩ፣ ከወራት በኋላ ጉልበቴ ተመለሰ።

ላመሰግናቸው በእግሬ ሄድኩ። እጃቸውን ስሜ፣ "ለመሆኑ እንዴት ዐወቁት፣ አባ?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። "እኔስ እዚህ ጠበል መጀመሪያ የመጣሁት ላጠምቅ መሰለህ? ያንኑ ኪኒን ስውጥ ከርሜ፣ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ነው።"