አርባ አንደኛው ምንጭ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ውስጥ ያለ አበል ዳገት የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ያሉት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት እያነከስኩ ስገባ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን ቤት ጥዬ፣ ሸራ ጫማዬን አጥልቄ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ በላይ ያለውን አቀበት ስያያዘው ያየኝ ሁሉ ይጠይቀኛል። አንዱ “ምን ጠፍቶሽ ነው?” ይላል። ሌላዋ “ማን ሞቶ ነው?” ትላለች። በዚያ አገር በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ገበያ፣ ወይ ልቅሶ፣ ወይ የጠፋ ከብት አለው። ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም ብቻዋን፣ ማንንም አያሳምንም። ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ “በግ ጠፍቶብኝ ነው” ማለት ጀመርኩ። አንድ ደግ ሽማግሌ ግማሽ ቀን ሙሉ የሌለ በጌን አብረውኝ ከፈለጉ በኋላ ግን አፈርኩና ውሸቱንም ተውኩት። ምነው ውሸትን በዚያው ጨርሼ ትቼው በነበር።

እንደተመረቅኩ ተመድቤ ስመጣ ከተማውን ጠልቼው ነበር። ሙቀቱ መፈናፈኛ አሳጥቶኝ በመጣሁ በሁለተኛው ወር የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻውን ሳላስገባ አንድ እሑድ አየር ፍለጋ ዳገቱን ወጣሁና ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። አባያ ቡናማ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው፣ ከሁለቱ ሐይቆች መሃል እግዜር ድልድይ የሚሉት ተረተር ደኑን ለብሶ ተጋድሟል። ይህን ሁሉ ትቼ የት ልሄድ ነበር? ሰኞ ማመልከቻዬን ቀደድኩት።

ሥራዬ በውሃ መሥሪያ ቤት የምንጮችንና የቧንቧ መሥመሮችን ካርታ በቀለም መሣል ነበር። ከተማው ስሙን ያገኘባቸውን ምንጮች ማንም ያውቃቸዋል። እኔ የምፈልገው ካርታ ላይ የሌለውን፣ አርባ አንደኛውን ነበር። ቀን ሙሉ ካርታ ላይ ተደፍቼ ስለምውል ይሆናል፣ ያልተሣለ ነገር ሳገኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ያገኘሁት በአንዲት ሴት ነው። ወደ ዶርዜ በሚወስደው መንገድ፣ ቀርከሃው ከሚጀምርበት ወደ ጎን በምትገባ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ተገናኘን። በእናቴ ዕድሜ ናቸው፤ ባዶ ቢጫ ጄሪካን በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረዋል። እማማ አልኳቸው፤ እስከ መጨረሻውም እማማ ነበሩ። አማርኛቸው ገበያ ላይ የተለመደ ስለነበር አንዳንዴ አንቺ፣ ብዙውን ጊዜ አንተ ነበርኩ።

“የት ትሄዳለህ ልጄ?”

“ከገደል የሚወርድ ውሃ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው፣ እማማ።”

“ውሃ? አለ። ና።”

ቁልቁለቱን ስንወርድ መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜው መጣ። ከዚያ ቀርከሃው ገለል አለና ቀና ስል አየሁት። ውሃው ከጥቁር ዓለት ስንጥቅ ከላይ ይፈነዳል፣ መሃል ላይ ከወጣ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ለሁለት ይከፈላል፣ መሬት ሳይደርስ ተመልሶ ይገናኛል። ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ ድር ወደ ጎን ይሳባል። ዓለቱ ከላይ እስከ ታች ሽንሽላ የሚሉትን የእርጥብ ቦታ ቅጠል ለብሷል፤ ፀሐይ ስትገባበት ፍንጣሪው ላይ ትንሽ ቀስተ ደመና ይቆማል። ሳላስበው እልል አልኩ።

እማማ ደንግጠው ዞሩ። “ምን ነከሰህ?”

ምንም እንዳልነከሰኝ ነገርኳቸው። እሳቸው ፍንጣሪው እንዳይመታቸው ለፏፏቴው ጀርባቸውን ሰጥተው ጄሪካናቸውን ሞሉ፣ “ጆሮ ያደነቁራል” ብለው አማረሩ፣ ሃያ ሊትሩን ተሸክመው ጎንበስ እንዳሉ አቀበቱን ተያያዙት።

ከዚያ በኋላ እሑዴ በሙሉ የዚያ ውሃ ሆነ። አንድ ቀን ቀርከሃ እየጨበጥኩ፣ በእጅም በጉልበትም እየዳህኩ እስከ ምንጩ ዓይን ወጣሁ። ከዚያ ላይ የእማማ መንደር፣ ባሻገር ጉብታ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከበታቼ ታየኝ። ከፍታ ማነጻጸር ሙያዬ ነው፤ ውሃው ያለ ምንም ሞተር፣ በራሱ ቁልቁለት ወርዶ መንደሩ መሃል ለሚተከል ቦኖ ሊደርስ እንደሚችል እዚያው ቁጭ ባልኩበት ገባኝ። ደስ አላለኝም።

የዚያን ዓመት መሥሪያ ቤታችን ውሃ የሚገባላቸውን መንደሮች ሲመርጥ አለቃዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመና ካርታው ላይ የእማማን መንደር አመለከተኝ።

“አንቺ ያልረገጥሽው ገደል የለም። ከዚህች መንደር በላይ ምንጭ አለ?”

ሲሚንቶው፣ ቧንቧው፣ የሽቦ አጥሩ ሁሉ ባንዴ ታየኝ። “አላየሁም” አልኩት። እንዲህ ቀላል ነበር። መንደሩ ለወደፊት ከሚታዩት ተራ ገባ፤ ካርታውንም በገዛ እጄ፣ ምንጩን ሳላስገባ፣ አሳምሬ ሣልኩት። ስስት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እማማን ሁለት እሑድ ተከታትሎ መንገዱ ላይ አጣኋቸው። ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ግራ እጃቸው በቀርከሃ ስንጣሪ ታስሮ እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ፏፏቴው ሥር ያለው ድንጋይ አዳልጧቸው ነው፤ ወጌሻው አሽቶ አስሮላቸዋል።

“ስወድቅ ይሄ ሦስተኛ ነው” አሉኝ፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። በደህና እጃቸው ቆጮ አቀረቡልኝ፣ እስክበላም ጠበቁ። ከዚያ፣ “አንተ የውሃ ቤት ሰው ነህ አይደል? ለእኛ ሰፈር ምንጭ የለም አሉ። አንተ ግን አይተሃል” አሉኝ። ነገር አልነበረበትም። እውነቱን ስለማውቅ እንድናገርላቸው ነበር የፈለጉት።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

“ከመንደሩ በላይ ምንጭ አለ።”

“አላየሁም አላልሽም?”

“ዋሽቼ ነው።”

“ለምን?”

“ስለሚያምር።”

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ዛሬም አለኝ። ምክንያቱን ምን ብሎ እንደሚጽፈው ጨንቆት “በግል ስሜት ተነሳስታ” ብሎ አስፍሮታል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስለ እኔ የተጻፈ ከዚህ የበለጠ እውነት የለም።

ሥራው ዓመት ከምናምን ፈጀ። የቧንቧውን ቦይ የቆፈሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲቆፍሩ ይዘፍናሉ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ዶማውን ይቀበለዋል። እንዲህ ያለ ጉልበትና እንዲህ ያለ ሳቅ አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። አዲሱን ካርታ የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ምንጩን ምልክት ሳደርግ ቀለም ደፋሁበትና እንደገና ጀመርኩ።

ወደ ፏፏቴው ግን መሄድ ፈራሁ፤ ለወራት ሌላ ሌላ መንገድ ስፈልግ ከረምኩ። በየካቲት አንድ እሑድ ቆርጬ ተነሳሁና በመንደሩ በኩል ሄድኩ። እማማ ቦኖው አጠገብ ከሴቶች ጋር ቆመው ያወራሉ።

“የት ትሄዳለህ?”

“ወደ ውሃው።”

ትንሽ አሰቡና “እኔም ልምጣ” አሉ።

ባዶ እጃቸውን ወረዱ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው አንዴ ያጣምሩታል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይልኩታል። ቀርከሃው ገለል ሲል እኔ ቀና ብዬ አየሁና ቶሎ አቀረቀርኩ። ውሃው ግማሽ ሆኗል። መሃል ያለው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ለሁለት መከፈሉ ቀርቶ በአንድ ጎን ብቻ ይወርዳል፤ ሽንሽላውም ግማሹ ደርቋል። እንባዬ መጣ፤ እሳቸው እንዳያዩኝ ፊቴን አዞርኩ።

እሳቸው ግን እኔን አላዩም። አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆመዋል።

“ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?” አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከሙሽርነታቸው ጀምሮ ይህን መንገድ ተመላልሰውበታል። ሲወርዱ የሚያዳልጠውን ድንጋይ፣ ሲወጡ የገዛ እግራቸውን ነው ሲያዩ የኖሩት፤ ውሃውን ሲቀዱም ጀርባቸውን ሰጥተውት። ቀና ብለው አይተውት አያውቁም።

“እዚሁ ነበር፣ እማማ” አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ። ከዚያ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱና እልል አሉ።

ድሮ እጥፉ እንደነበር አልነገርኳቸውም።