አባቴ መጥራት ያቃተው ስም

አባቴ የገደለው ሰው የወንዝ ማዶ ጎረቤታችን ነበር። የተጣሉት በድንበር ነው፤ ግማሽ ጥማድ እንኳ ለማይሞላ ጭንጫ መሬት። ከዚያ ደም ተመላለሰ፤ ከእነሱም ከእኛም ብዙ ሰው ተቀበረ። የነገሩ ጀማሪ አባቴ ግን በሕይወት ነበር፤ ይህን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ሽማግሌዎችና ቄሶች ደክመው ደክመው አስታረቁን። አባቴ በቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተንበረከከ፤ የሟች ሚስት በገዛ እጇ አወረደችለት። ሽማግሌዎቹ ግን መሐላ ብቻውን ይበቃል ብለው አላመኑም። ሁለቱ ወገን በወንዙ አጠገብ አንድ ተማሪ ቤት እንዲሠራ፣ ከየቤቱም አንድ ልጅ እንዲገባ አዘዙ። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ዕጣው ለእኔ ደረሰ። እርቁ ከፈረሰ ቀጥሎ የሚሞተው አባቴ መሆኑን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትስም የምትለምነው እርቁ እንዲጸና ነበር።

ለምሰሶ የተቆረጠው የጽድ ግንድ ከገደሉ ሥር መውጣት ነበረበት። እርስ በርስ ሲታደኑ የኖሩ ወንዶች በአንድ ግንድ ሥር ትከሻቸውን ሰጡ። እኛ ሴቶቹ ጠላ ይዘን ዳገቱ ላይ ቆምን። የሟች ሚስትም እንስራዋን ተሸክማ መጥታ ለሁሉም በተራ ትቀዳ ነበር። ለአባቴም ቀዳችለት፤ ጠጣ።

ግንዱ ሜዳው ላይ ሲያርፍ ሰው ሁሉ ጮቤ ረገጠ። ከባድ ሥራ ያለቀ ዕለት መፎከር ያገራችን ልማድ ነው፤ አባቴ ደግሞ ደሙ ከሞቀ አፉን የሚይዝለት የለም። ዱላውን ብድግ አድርጎ መሐል ገባ።

"ዘራፍ፣ ገዳይ! ከወንዙ ማዶ የጣለ!"

በየሠርጉ የሚለውን ነው ያለው። ተንኮል አልነበረበትም፤ የባሰውም ይኸው ነው። እናቴ ከልማድ እልል አለች፣ እኔም ተከተልኳት። እልልታችን ሳያልቅ የወንዝ ማዶ ሰዎች ጎንበስ ብለው ዱላቸውን ሲያነሱ አየሁ።

የሟች ሚስት እንስራዋን መሬት አስቀመጠችና ወደ አባቴ ቀረበች። በዕድሜ ስለሚበልጣት አንቱ ትለው ነበር፤ ያን ቀንም አክብሮቷን አላጎደለችም።

"ይጨርሱታ" አለችው። "ማንን እንደጣሉ ስሙን ይጥሩት እንጂ።"

አባቴ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ሲፎክርበት የሰውየውን ስም አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔ በአባቴ ፉከራ ደረቴን ነፍቼ የምሄድ ልጅ ነበርኩ፤ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እንግዲያ ዝም ይበሉ" አለችው። ወደ ወገኖቿም ዞራ፣ "እናንተም ዱላችሁን አኑሩ። ልጄ የሚማርበት ቤት ነው። ይልቅ ምሰሶውን ትከሉ" አለች።

እያጉረመረሙ ተከሉት። አባቴ ጉድጓዱን ሲቆፍር አንገቱን ቀና አላደረገም። ከዚያ ወዲያ ሲፎክር ሰምቼው አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ተጀመረ። መምህራችን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የመጣ፣ የኛን ጉድ የማያውቅ ሰው ነበር። ማለዳ ማለዳ ስማችንን ከነአባታችን ይጠራል። የሟች ልጅ ከፊቴ ካለው መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር። አባቴ መጥራት ያቃተው ስም ከልጁ ስም ጋር በየቀኑ በዚያ ምሰሶ ሥር ይጠራል፤ ልጁም ጮክ ብሎ "አቤት" ይላል።

ቀጥሎ እኔ ነኝ። ስሜ፣ ከዚያ የአባቴ ስም። ልጁ አንድም ቀን ዞር ብሎ አላየኝም። እኔ ግን "አቤት" የምለው መሬት መሬቱን እያየሁ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ነበር። መምህሩም "አልሰማሁሽም" ይልና ስሜን ከነአባቴ እንደገና ይጠራዋል።