የማድቤቱ ክዳን

በዚያ ዓመት ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ የወጣሁት ስለ ድርቁ ዘገባ ለመሥራት ነበር። ሐምሌ ተጋምሶም ዝናቡ አልጣለም። የእናቴ ወንድም ቤት በመንገዴ ላይ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያ እያደርኩ መንደሮቹን ልዞር አሰብኩ።

«ጋዜጠኛው መጣ» አሉ አጎቴ ከደጅ ሆነው። «ዝናቡን የት ጥለኸው ነው?»

የማድቤቱ የሣር ክዳን ግማሹ የለም፤ ማገሩ ተገልጦ ይታያል። ደብተሬን አውጥቼ «ነፋስ ነው የወሰደው?» አልኳቸው።

የመለሱልኝ ባለቤታቸው ናቸው፣ ከማድቤቱ ውስጥ። «በሬ ነው የበላው፣ ልጄ። ያውም የሰው በሬ።»

«ነፋስ» ብዬ የጻፍኩትን ሰረዝኩ።

አጎቴ ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ ጎረቤታቸውም አንድ። ሁለቱን በሬዎች መቀናጆ ጠምደው በየተራ ማሳቸውን ሲያርሱ ኖረዋል። ድርቁ ጭዱን ሲጨርሰው ጎረቤትየው በሬውን ሊሸጥ ተነሳ። በሬው ከሄደ የአጎቴ በሬ ብቻውን አያርስም። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ለከርሞ የሚበላ አይኖርም። ጎረቤትየው እስከ ቅዳሜ ገበያ እንዲታገሥ የለመኑት አጎቴ፣ በየማለዳው ከክዳኑ አንድ እቅፍ ሣር ይመዛሉ። ጥቀርሻውን ያራግፋሉ፤ እንዲጣፍጥ የጨው ውሃ ይረጩበታል፤ ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው በረት ይወስዱታል። ለራሳቸው በሬ የሚደርሰው የተረፈው ነው።

«የእርስዎ በሬ አይራብም?» አልኳቸው።

«ይራባል። ግን እሱ የትም አይሄድም፤ ሊሸጥ የተነሣው ያኛው ነው።»

«ዝናቡ ሲመጣ ወጤ ውስጥ ነው የሚወርደው» አሉ ባለቤታቸው።

«ዝናቡ ይምጣ እንጂ፣ ቀጭን ወጥ እንበላለን» አሉ አጎቴ።

ሐሙስ ሲደርስ ከክዳኑ የቀረው ከምድጃው በላይ ያለው ብቻ ነበር። ሐሙስ ማታ አጎቴ እሱንም ቀና ብለው አዩት፤ ባለቤታቸውም አጎቴን አዩ። አርብ ጠዋት ተነሥቼ ስወጣ ምድጃው ሰማይ ያያል።

አርብ ከሰዓት ዝናቡ መጣ። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። የአጎቴ ባለቤት የሽሮውን ድስት ታቅፈው፣ አመድ ለብሰው ወጡ።

«አላልኩም?» አሉ። አጎቴ ግን ከጓሮ ቀንበራቸውን እየፈለጉ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤትየው በሬውን እየነዳ በበራችን ሲያልፍ አየሁት። ገበያው ወደ ግራ ነው። እሱ ወደ ቀኝ፣ ወደ አጎቴ ማሳ ታጠፈ።

ወጡ በእርግጥም ቀጥኖ ነበር። አጎቴ ሁለቴ አስጨመሩ።