አፈር የሌለው አበባ

እዚህ ዓረብ አገር፣ ረያን የሚባል ከተማ፣ በምሠራበት ማዳም ቤት፣ ማታ የክፍሌን በር ስቆልፍ ደስ ይለኛል። ከውስጥ ነዋ የምቆልፈው! ያኔ አገር ቤት፣ ፖለቲካ ነው ተብዬ የተወሰድኩ ጊዜ፣ በሩ የተቆለፈብኝ ከውጭ ነበር። የእስር ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንዷ ጎኗን ስትቀይር ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን። የሽንት ባልዲው በር ሥር ነው።

መርማሪው የፈለገው አንድ ነገር ነው። ጎረቤቴ ቤቷ ውስጥ ስብሰባ ስትመራ አይቻለሁ ብዬ በጣቴ ከፈረምኩ በማግስቱ ቤቴ እገባለሁ። እሷ ቤት ያየሁት ስብሰባ ቢኖር የዕቁብ ነው። ግን ፈራሁ፤ ልፈርም ምንም አልቀረኝም ነበር።

አብረውን የታሰሩ አንዲት የሥዕል መምህርት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ስለ ጥንት የቻይና ነገሥታት ማውራት ከጀመሩ ርሃባችንንም እንረሳለን። የዚያን ቀን ብስኩት በመጣበት ካርቶን ላይ፣ በተቃጠለ ክብሪት አበባ ሣሉ። ሥሩን አየር ላይ ተዉት።

«እትዬ፣ አፈሩስ?» አልኳቸው።

«ድሮ ባዕድ መጥቶ የቻይናን ንጉሥ ገለበጠ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሠዓሊ አበባ ሲሥል አፈር አያደርግለትም ነበር። አገሩን ወስደውበታላ፣ አፈር ከየት ያምጣ?»

«ታዲያ ምን በልቶ ያድጋል?» አለች አንዷ።

«እንደኛ ነዋ፤ ስንቅ እየመጣለት!»

ሳቅን። ጠባቂዋ በሩን ደበደበችው።

እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «እዚያ ንጉሡ ሥዕል ከወደደ ባዶው ቦታ ላይ ቀይ ማኅተሙን ያሳርፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚነግሠውም የራሱን ይጨምራል። ያልወደደው ላይ ግን አያትምም።»

ያን ቀን ከቤት የመጣልኝ ስንቅ ቀይ ወጥ ነበር። አውራ ጣታችንን እየነከርን በየተራ አተምንበት።

«ምን ዓይነት ንግሥቶች ናችሁ! ሥዕሌን ዘይት በዘይት አደረጋችሁት እኮ!» አሉ እትዬ፤ ግን ደስ ብሏቸዋል።

ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ወረቀቱንና ቀለሙን ወደኔ ገፋ አደረገው። ጣቴ ገና በርበሬ በርበሬ ይላል።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ለምን?»

«አልወደድኩትም።»

ጥፊ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን ሰበሰበና «መልሷት» አለ። እኔ ወራት ተጨመረብኝ፤ ጎረቤቴን ግን አልነኳትም። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቆጨኝም።

በቀደም ማዳም ልጆቹን እንድይዝላት ሙዚየም ይዛኝ ሄደች። ከቻይና የመጣ ሥዕል አየሁ፤ ዳር ዳሩ በቀይ ማኅተም ተሞልቷል። አቤት ደስታዬ! እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ማዳም «ያላ!» ብላ እስክታጣድፈኝ ድረስ።

ፎቶ አንስቼ ለጎረቤቴ ላክሁላት። ዓርብ ዓርብ እንደዋወላለን፤ ስለዚያ ወረቀት ግን ነግሬያት አላውቅም።

«ሲያምር!» አለችኝ። «ይሄ ቀዩ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ወጥ ነው» አልኳት።