ሽፈራው ዝም ያሰኛት ፒካፕ

መናኸሪያ ጋ ያለው መካኒክ ሽፈራው መሳሪያ አያምንም። የሚያምነው ጆሮውን ነው። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ስር ወትፎ፣ ፀሎት ላይ እንዳለ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ከዛ ይፈርዳል። እኔ የእትዬ አባይነሽ ፒካፕ ሹፌር ነኝ፤ ሲፈርድ ስንቴ አይቼዋለሁ። አንድም ቀን ግን አልተከራከርኩትም። አፉ መጥፎ ነው።

ሙያው አንድ ነው፤ የሞተር ድምፅ ማጥፋት። እዚህ ሀዋሳ ሰው መኪናው ቲክ ቲክ ካለበት ያፍራል። ሽፈራው ደግሞ ቫልቩን ጥርቅም አድርጎ አጥብቆ ዝም ያሰኛታል። "ስማ እስቲ! መኪና ሳትሆን አልጋ ናት!" ይላል። ባለመኪናውም እያመሰገነ ይሄዳል፤ ሞኝ ለሞኝ።

ባለፈው ወር የኛንም ፒካፕ አልጋ አደረጋት። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ድሮም ቲክ ቲክ ትል ነበር፣ ግን ከሀገረ ሰላም ጥቅል ጎመን ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር። ከሱ እጅ ከወጣች ወዲህ ጉልበቷም አብሮ ዝም አለ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ከነጎመኗ ስታቃስት ፍየሎች ቀደሙን።

መለስንለት። ካንዴላ ፈታና ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነ። "ቀስቅስ!" አለኝ። ቀሰቀስኩ።

"ኮምፕረሽን የለም፤ ጣቴን የሚገፋ አየር የለም" አለ። "ፋሻው፣ ማለት የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል። ሞተሩ ሞቷል እትዬ። ወይ ሙሉ ያሳድሱት፣ ወይ ይሽጧት።"

እትዬ አባይነሽ ማሳደሻ ከየት ያመጣሉ? አምስት ልጅ ያሳደጉት በዚች መኪና ነው። እኔም የምበላው በሷ ነው። "እስቲ የፋሻውን ዋጋ እንጠይቅ፤ ካልሆነ ትሸጣለች" አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ። ቫልቩን ስለነካህ ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ኢብራሂም መለዋወጫ ሱቅ ሄድን።

"ለክተሃል?" አለው ሽፈራውን።

"በጣቴ።"

"ጣትህ ስንት አለች?"

"ሃያ ዓመት የሠራችበት ናት እኮ!"

"ሃያ ዓመት ሠርታ ቁጥር አልለመደችም? ሳትለካ ፋሻ አልሸጥልህም።"

የኮምፕረሽን መለኪያውን ይዞ አብሮን መጣ። ካንዴላዎቹን በሙሉ አስፈታ። መቶ ሃምሳ ማለት የነበረበት መለኪያ ሰባ፣ ሰማንያ፣ አርባ፣ ሰባ አምስት አለ።

"አላልኩም?" ሽፈራው ደረቱን ነፋ።

"ቆይ።" ኢብራሂም በየቀዳዳው አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨመረ። "ያለቀው ፋሻው ከሆነ ዘይቱ ይደፍነውና ቁጥሩ ይጨምራል።" ድጋሚ ለካ። ፈቀቅ አላለም። "ፋሻ አይደለም፤ ቫልቩ አይዘጋም። ማነው የነካው?"

ሽፈራው አፈጠጠብኝ። ጣቴን ወደሱ ቀሰርኩ።

ኢብራሂም የሞተሩን ክዳን ከፈተ። በቫልቩና በሚገፋው ብረት መሃል ምላጭ እንኳን አይገባም። "ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ክፍተት ካልተውክለት ቫልቩ ክፍት ይቀራል። ትንሽ ብትቆይ ተቃጥሎ ነበር።" ከዛ ራሱን ሽፈራውን፣ በቀጭን መለኪያ ቆርቆሮ እያስለካ፣ ቫልቮቹን አንድ በአንድ አስላላው።

ኢብራሂም እንደገና ለካ። መቶ አርባ፣ መቶ አርባ አምስት፣ መቶ ሠላሳ አምስት፣ መቶ አርባ።

ስቀሰቅሳት በአንዴ ተነሳች። ቲክ ቲክ ቲክ።

ሽፈራው ይቅርታ የሚል መሰላችሁ? "ድምጿ ግን ያስጠላል እትዬ። ትንሽ ላጥብቅልዎት?"

እትዬ አባይነሽ ጋቢና ገብተው በሩን ዘጉ። "እሷ ትጩህ፣ አንተ ዝም በል! ንዳ ልጄ፣ ጎመኑ ይጠብቀናል።"

እሱ ዝም ሊል? ዛሬ መናኸሪያውን ሁሉ "የሞተ ሞተር በማንኪያ ዘይት አስነሳሁ" እያለ ያደነቁረዋል። ጎመን ጭነን በደጁ ስናልፍ ቲክ ቲኩን ሰምቶ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን እፈራዋለሁና እጄን አንስቼ ሰላም እለዋለሁ።